የመንግሥትን በጀት እንዴት እናንብብ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብና ቁጠባ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.)



ኮሚቴያችን በየዓመቱ በዚህ ሰዓት የሚያቀርበው የቁጠባ መዝገባችንን ነው። እሱን ዛሬ ጠዋት አንብበን ጨርሰናል፤ ጥያቄ ያለው በሻይ ሰዓት ይጠይቀን። አሁን የምንናገረው ስለ ሌላ መዝገብ ነው። በሰኔ መጨረሻ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል መንግሥትን የ2018 በጀት ሲያጸድቅ በሬዲዮ «1.93 ትሪሊዮን ብር» ሲባል ሰማችሁ። ከዚያ ወዲህ ከራስ አገዝ ቡድኖቻችን ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ መጣልን፦ «ይህ ስንት ነው? ጉድለት አለበት የሚሉትስ ምን ማለት ነው? ለእኛ ወረዳ ምን ደረሰ?» ጥያቄው ዝም ብሎ የወሬ ጥያቄ አይደለም። ከንግግራችን በኋላ ስለ እናቶች ማቆያው ድምፅ እንሰጣለን፤ ያ ውሳኔ ያለዚህ እውቀት ሊወሰን አይገባም ብለን እናምናለን።

በቁጥሩ እንጀምር። አንድ ትሪሊዮን ሺህ ቢሊዮን ነው፤ ቢሊዮኑም ሺህ ሚሊዮን። ይህን ማወቅ ግን ብዙ አይረዳም፣ ጭንቅላት ማዞሩ እንዳለ ነው። የሚሻለው ማካፈል ነው። የሀገሪቱን ሕዝብ 130 ሚሊዮን ግድም ብለን ብንይዝ፣ 1.93 ትሪሊዮን ብር ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት ወደ 14,800 ብር ይደርሳል። በቀን ሲካፈል 40 ብር ከምናምን ነው። የፌዴራል መንግሥት ለመከላከያ፣ ለመንገድ፣ ለዩኒቨርሲቲ፣ ለዕዳ፣ ለክልሎች ድጋፍ፣ ለሁሉም ያለው ለአንድ ሰው በቀን አንድ ሁለት ሲኒ ቡና የሚገዛ ገንዘብ ነው ማለት ነው። ክልሎች ራሳቸው የሚሰበስቡት ከዚህ ላይ አለ፤ ያም ቢሆን ሥዕሉን ብዙ አይለውጠውም። እኛ ይህን ሒሳብ ስንሠራ ትልቁ ቁጥር ድንገት ትንሽ ሆነብን። «መንግሥት ገንዘብ ሞልቶታል» የሚለውን ንግግርም ከዚያ ወዲህ ብዙ አንደግመውም።

ስለ ዘመኑም አንድ ቃል። የ2018 በጀት የተባለው የጀመረው ባለፈው ወር፣ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ከእንቁጣጣሽ ሁለት ወር ቀድሞ ይሄዳል። ብዙ ሰው መስከረም ላይ አቤቱታ ይዞ ወረዳ ሲሄድ «በጀቱ ተዘግቷል» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የተሻለው ጊዜ ዕቅዱ ገና በሚዘጋጅበት፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ወራት ነው።

አሁን ወደ ከበደው እንሂድ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በሰኔ 2016 የጸደቀው የ2017 በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ኅዳር 2017 ላይ 582 ቢሊዮን ያህል ተጨማሪ በጀት ታከለበትና ወደ 1.55 ትሪሊዮን ደረሰ። ዘንድሮ 1.93 ትሪሊዮን። በሁለት የበጀት አዋጅ መካከል ገንዘቡ እጥፍ ሆነ። ታዲያ መንግሥት በእጥፍ በለጸገ እንዴ? እዚህ ላይ ዶላሩን ማስታወስ አለብን። የ2017 በጀት ሲጸድቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር፤ ያ 971 ቢሊዮን ብር ወደ 17 ቢሊዮን ዶላር ይመነዘር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ዛሬ ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ነው፤ 1.93 ትሪሊዮኑ 15 ቢሊዮን ዶላር አይሞላም። በብር እጥፍ የሆነው በጀት በዶላር ሲታይ ቀንሷል። እርግጥ ነው መምህሩ ደመወዙን በዶላር አይቀበልም፣ ጤፍም በዶላር አይሸጥም፤ ስለዚህ እውነቱ ከሁለቱ መሐል የሆነ ቦታ ነው። ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ማዳበሪያ፣ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ ግን በዶላር ነው የሚገቡት። ለእነዚህ ሲሆን እጥፍ የሚለውን ቃል አትመኑት።

ይህን 1.93 ትሪሊዮን እንደ መቶ ብር ኖት ቆጥረን ብንዘረዝረው፣ 61 ብሩ ለመደበኛ ወጪ ነው፤ ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃ፣ የዕዳ ክፍያ እዚህ ውስጥ ናቸው። 21 ብር ከሃምሳ ግድም ለካፒታል ወጪ ነው፤ ግድብ፣ መንገድ፣ ሕንጻ። 16 ብር ለክልሎች ድጋፍ ይሄዳል። አንድ ብር የማትሞላ ሳንቲም ደግሞ ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ተብላ 14 ቢሊዮን ብር ተይዛለች፤ በ2017ም 14 ቢሊዮን ነበረች። ሌላው ሁሉ ሲያብጥ እሷ ባለችበት ቆማለች። ይህን ያነበበ ሰው ጥቂት ነው፤ እናንተ አስተውሉት።

ከመደበኛው 61 ብር ውስጥ አንዱን መስመር ለይተን እናውጣ። ለዕዳ ክፍያ የተያዘው ወደ 463 ቢሊዮን ብር ነው። ከመቶ ብር 24 ብር መሆኑ ነው። ለክልሎች ሁሉ በድጋፍ ከሚሄደው ይበልጣል። በ2017 በጀት መጀመሪያ ላይ ለዚሁ ጉዳይ የተያዘው 139 ቢሊዮን ግድም ነበር። እንዲህ ያሻቀበበት አንዱ ምክንያት አሁን የነገርናችሁ ነው፦ ያኔ አንድ ዶላር ዕዳ ለመክፈል 57 ብር ይበቃ ነበር፣ ዛሬ ከዚያ እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። ዕዳው ባይጨምር እንኳ ክፍያው ይጨምራል።

እዚህ ጋ ጉድለቱ ይመጣል። መንግሥት በዓመቱ ከግብር፣ ከቀረጥ፣ ከልዩ ልዩ ገቢና ከእርዳታ አገኛለሁ ያለው 1.5 ትሪሊዮን ብር ግድም ነው። ላወጣ ያሰብኩት 1.93 ትሪሊዮን ነው አለ። በመሐል ያለው ወደ 417 ቢሊዮን የሚጠጋ ብር ጉድለት ይባላል። ጉድለት ማለት የጠፋ ገንዘብ አይደለም፤ የተሰረቀም አይደለም። ገና ያልተገኘ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው፦ የሚበደረው 417፣ ለዕዳ የሚከፈለው 463። ዕቁብ ወጥቶላት ገንዘቡን ሳትቆጥረው ለሌላ ዕዳ የምታስረክብ ሴት ሁላችንም እናውቃለን። ሴትዮዋ ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። የቆየው ብድር አዲሱን ስለሚበላው ነው።

ጉድለቱ በሦስት በር ይሞላል። አንደኛው በር ከውጭ መበደር ነው። ከዓለም ባንክ የሚመጣው ብድር ወለዱ አነስተኛ፣ ጊዜውም ረጅም ነው፤ ይህንን ከዘመድ ብድር ጋር ልናመሳስለው እንችላለን፣ ዘመዱ ግን ምክር ሳያበዛ አይሰጥም። የገበያ ብድር ሌላ ነው። በኅዳር 2007 መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ዩሮ ቦንድ የሚባለውን ለዓለም ገበያ ሸጠ፤ አንድ ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት 6.625 በመቶ ወለድ፣ በአሥር ዓመት የሚከፈል። ገንዘቡ ለስኳር ፋብሪካ፣ ለኤሌክትሪክና ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ይውላል ተብሎ ነበር። ስኳር ፋብሪካዎቹ በታሰበላቸው ጊዜ አልደረሱም፤ ወለዱ ግን በየስድስት ወሩ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ታኅሣሥ 2016 ላይ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ፤ ሀገሪቱም ዕዳዋን በጊዜው ባለመክፈል ተመዘገበች። ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር፣ ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ በሚመሩት ኮሚቴ በኩል፣ 8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳን አሸጋሽጎ ለመክፈል በመጋቢት 2017 መግባባት ላይ ተደርሷል። ማሸጋሸግ ማለት ምሕረት አይደለም፤ ጊዜ መግዛት ነው።

ብድር ሁሉ ክፉ ነው የምንል እንዳይመስላችሁ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ሳያስፈልግ ለተበደረ ነው። በግ ለማድለብ ከቡድናችን የተበደረች አባል ለፋሲካ ሸጣ መልሳለች፤ ለድግስ የተበደረችው ግን እስካሁን በየሳምንቱ ትሸማቀቃለች። መንግሥትም ለዚህ ደንብ እንግዳ አይደለም። ብድሩ የሚያፈራ ነገር ላይ ወረደ ወይስ ተበልቶ ቀረ? ከተቻለ ይህችን አንዲት ጥያቄ ይዘን ብንሄድ ብዙ እንርቃለን።

ሁለተኛው በር ከሀገር ውስጥ መበደር ነው። መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድና ቦንድ ያወጣል፤ ባንኮች፣ የጡረታ ፈንዶችና ሌሎችም ይገዙታል። ይህ ከእኛ ጋር የማይገናኝ ይመስላል። ነገር ግን ከ2015 ጀምሮ ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 20 በመቶ የሚሆነውን የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙበት ታዘው ነበር። ባንክ ያለው ገንዘብ የተወሰነ ነው። መንግሥት በዚያኛው በር ሲገባ፣ የማኅበራችን የወፍጮ ብድር ማመልከቻ በዚህኛው በር ተሰልፎ ይጠብቃል። ባለፉት ዓመታት «ገንዘብ የለም» ተብለን የተመለስንበት ምክንያት ሁሉ ይህ ነው ማለት አንችልም፤ አንዱ ግን ይህ ነው።

ሦስተኛው በር ብሔራዊ ባንክ ነው። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲወስድ፣ በተራ ቋንቋ አዲስ ገንዘብ ይታተማል። ጤፉ ያው፣ ዘይቱ ያው፣ ብሩ ግን በዛ። ምን እንደሚሆን ገበያ የምትወጣ ሴት ከኢኮኖሚስት ቀድማ ታውቀዋለች። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በተገባው የአራት ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ይህ በር እንዲዘጋ መንግሥት ግዴታ ገብቷል። በሩ ተዘግቶ እንዲቆይ መመልከት የእኛም ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱን እንንገራችሁ።

በግንቦት 2014 የዓመት የዋጋ ንረት 37.2 በመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት 1,000 ብር ባንክ ያስቀመጠች አባል፣ በዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ፣ በ7 በመቶ፣ ግንቦት 2014 ላይ 1,070 ብር አላት። ባንኳ አልዋሻትም፣ ደብተሯ ላይ ጨምሯል። ነገር ግን በ1,000 ብር ትገዛው የነበረ ዕቃ 1,372 ብር ሆኗል። በእጇ ያለው ገንዘብ የቀድሞውን 780 ብር ያህል ብቻ ይገዛል። 220 ብሩን ማን ወሰደው? ደረሰኝ የለውም፣ የግብር ሰብሳቢ ፊርማ የለበትም። ለንረቱ መንስኤው አንድ ብቻ አልነበረም፤ ጦርነት ነበር፣ ድርቅ ነበር፣ የዓለም የነዳጅና የማዳበሪያ ዋጋም ተሰቅሎ ነበር። ጉድለትን በታተመ ገንዘብ መሙላት ግን ከመንስኤዎቹ አንዱ ነው። በዚያ ላይ ንረት በሁሉ ላይ እኩል አይወድቅም፤ ቤትና መሬት ያለው ንብረቱ አብሮ ዋጋው ይወጣለታል፣ በሳጥን ብር ያስቀመጠች ሴት ናት የምትከስረው። ስለዚህ ነው ኮሚቴያችን ከዋናው ቁጠባ ሁሉንም በባንክ ከማስተኛት በአባላት ብድር እንዲዘዋወር አጥብቆ የሚሟገተው።

እስካሁን መንግሥትን ከቤታችን ጋር እያመሳሰልን መጥተናል። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ካልተናገርን ግን ያሳስታል። ቤታችን ሲከፋ ወጪ እንቀንሳለን፤ ሥጋውን በሽሮ፣ ሁለቱን ምግብ በአንድ። ስንቀንስ የሚጎዳው የእኛው ሆድ ነው። መንግሥት ሲቀንስ ግን የሌላው ገቢ ይቀንሳል። የመምህሩ ደመወዝ ሲዘገይ እንጀራ ጋጋሪዋ አባላችን ደንበኛ ታጣለች፣ እሷም ከወፍጮ ቤቷ ትበደራለች። ስለዚህ «መንግሥት እንደ ጥሩ የቤት እመቤት ወገቡን ይታጠቅ» የሚለው ንግግር ጆሮ ላይ ቢጥምም ግማሽ እውነት ነው። የሚታጠቀው የማን ወገብ ነው? የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የታጠቀው ወገብ የታክሲ ተሳፋሪው ነበር። ድጎማውን አላግባብ ይጠቀም የነበረው ባለብዙ መኪና ሰው መኖሩ እውነት ነው፤ የእኛ እህት ከገበያ ሽንኩርት ጭና ስትመለስ የምትከፍለው ትርፍ ሒሳብም እውነት ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ጉድለት ትልቅ ወይም ትንሽ የሚባለው ብቻውን አይደለም። አምስት ሺህ ብር ዕዳ ሁለት በሬ ላለውና ዶሮ ለሌለው አንድ አይደለም። የዘንድሮው ጉድለት ከሀገሪቱ ዓመታዊ ምርት ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 2.2 ያህል ነው፤ ይህ በዓለም መለኪያ ትንሽ የሚባል ነው። ታዲያ ለምን ይከብደናል? መልሱ ያለው በግብሩ ላይ ነው። በቅርብ ዓመታት መንግሥት በግብር የሚሰበስበው ከዓመታዊው ምርት ከመቶ 7 ግድም ብቻ ነበር። ከሰሃራ በታች ያሉ ሀገሮች አማካይ የዚህ እጥፍ ገደማ ነው። በሬው አለ፣ የሚታለበው ላም ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ መንግሥት ግብር ማሳደግ አለበት ሲባል በሐሳቡ አንጣላም። የምንጣላው ከማን በሚለው ላይ ነው።

ብዙዎቻችሁ «እኛ ግብር አንከፍልም» ትላላችሁ። ትከፍላላችሁ። 46 ብር ተጨማሪ እሴት ታክስ ያለበት ሳሙና ስትገዙ 40 ብሩ የሳሙናው ነው፣ 6 ብሩ 15 በመቶው ታክስ ነው። የሰፈራችን ሱቅ ለታክሱ ባይመዘገብ እንኳ ፋብሪካውና አከፋፋዩ ጨምረውበት ነው የመጣው። ሀብታሟም ደሃዋም ለአንድ ሳሙና የሚከፍሉት ታክስ አንድ ነው፣ ከገቢያቸው ጋር ሲታይ ግን የደሃዋ ይከብዳል። በሌላ በኩል በዚሁ ሐምሌ በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው መነሻ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ልጆቻችሁ በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ተቀጥረው ከሆነ የደመወዝ ወረቀታቸውን እዩላቸው። 600 ብር የተቀመጠው በ2008 መሆኑንና ያን ጊዜ 600 ብር ምን ይገዛ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ ማሻሻያው ስጦታ ሳይሆን የዘገየ ዕዳ ነው።

በበጀቱ ውስጥ የማይታይ አንድ ነገር እናክል፣ ዋስትና። በቡድናችን ዋስ የሆነች ሴት ገንዘቡን በእጇ አትነካውም፣ በመዝገቧም አትጽፈውም፤ ተበዳሪዋ ስትጠፋ ግን የምትጠራው እሷ ናት። የመንግሥት ድርጅቶች፣ ለምሳሌ የኤሌክትሪክና የስኳር ሥራዎች፣ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ለዓመታት ሲበደሩ ዋሱ መንግሥት ነበር። ብድሩ በየዓመቱ በሚነበበው በጀት ውስጥ አልነበረም። በ2017 ግን ባንኩን ለማቆም ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ ተፈቀደ። ያልተጻፈው ተጻፈ። አንድ ሰው የጉድለቱን ቁጥር ብቻ አይቶ «ትንሽ ነው» ቢላችሁ፣ «ዋስ የሆነበትስ?» በሉት።

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። ከመቶው ብር 16ቱ ለክልሎች ይሄዳል ብለናል። አከፋፈሉን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚያወጣው ቀመር ነው። ክልሉ በፈንታው ለወረዳዎች ያካፍላል። ወረዳው የደረሰውን ይዞ መጀመሪያ የሚያደርገው ደመወዝ ማስላት ነው፤ የመምህራን፣ የጤና ሠራተኞች፣ የግብርና ባለሙያዎች። ደመወዙ ሲነሣ የሚቀረው እፍኝ አይሞላም። ነዳጅ፣ ወረቀት፣ ጥገና፣ የመድኃኒት ማጓጓዣ በዚያ እፍኝ ይሻማሉ። የወረዳ ሰው «በጀት የለም» ሲላችሁ ብዙ ጊዜ አይዋሽም። ከዚህ በኋላ «የለም» ሲላችሁ ግን «ለየትኛው መስመር?» በሉት።

ይህን ይዘን ወደ ማቆያ ቤቱ እንግባ። ከሦስት ዓመት በፊት በአባላት መዋጮና በአጋራችን ድጋፍ በአንዱ ጤና ጣቢያ አጠገብ የእናቶች ማቆያ ሠርተናል። አራት አልጋ፣ ማብሰያ ክፍል፣ ቆርቆሮው የጸዳ፣ በሩ ቀለም የተቀባ። ሲመረቅ ፎቶግራፉ በዚሁ ጋዜጣችን ወጥቶ ነበር። ዛሬ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ማታ የምታድር አዋላጅ ነርስ አልተመደበችም፣ የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ የለም፣ የማገዶና የምግብ ወጪ የሚሸፈንበት መስመር የለም። ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ የምትመጣ ወላድ ቁልፍ ታገኛለች፣ ሰው አታገኝም። ከካፒታልና ከመደበኛ ወጪ ልዩነት የሚበልጥ ትምህርት ቢኖር ይኸው ነው። ሕንጻ አንድ ጊዜ ይወጣበታል፤ አዋላጇ ግን በየወሩ፣ በየዓመቱ ትፈልጋለች። እኛ ካፒታሉን ሰጠን፤ መደበኛውን የማን መዝገብ እንደሚሸከመው የሚገልጽ ወረቀት የለም።

ለአጋሮቻችንም በአክብሮት አንድ ነገር እንላለን። በሀገራችን የእርዳታ ገንዘብ በተለያየ መንገድ ይመጣል፤ አንዱ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል፣ ሌላው በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሌላው በቀጥታ ለድርጅቶች። የእናንተ ለእኛ የሚመጣው በሦስተኛው ነው፤ ፈጣን ነው፣ እናመሰግናለን። ነገር ግን ወረዳው መዝገብ ላይ ስለማይታይ ወረዳው አያቅድበትም። የተሠራውን ቤት ስንሰጠው እንደ እንግዳ ይቀበለዋል፣ እንደ ልጁ አይቀልበውም። ፕሮፖዛሉ ላይ ሕንጻ በሚጻፍበት ገጽ ላይ የቀጣይ ዓመታት ወጪ ከፋዩ ተፈርሞ ቢጠየቅ እኛን አያስቀይመንም። እንዲያውም እጃችንን ያጠነክርልናል።

ሁለተኛ ማቆያ በሌላው ጤና ጣቢያ ለመሥራት ገንዘብ ተፈቅዷል። በመካከላችን ሁለት ሐሳብ አለ። አንዳንድ እህቶቻችን «ቤቱ ይሠራ፣ ቤት ካለ ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ ገንዘቡ ከእጃችን ቢወጣ ተመልሶ አይመጣም» ይላሉ። ይህ ቀላል ሐሳብ አይደለም፤ የብር ዋጋ እንዴት እንደሚወርድ ዛሬ ራሳችን ስንናገር ነበር፣ የሲሚንቶ ዋጋ እኛን አይጠብቅም። ኮሚቴው ግን የመጀመሪያውን ቤት አይቶ በሌላው ጎን ቆሟል፦ አንድ የአዋላጅ መደብና አንድ የጽዳት መደብ በወረዳው መደበኛ በጀት እስኪጻፍ ድረስ መሠረት አይቆፈር። እስከዚያው ከአጋራችን ጋር ተነጋግረን፣ ከተፈቀደው ገንዘብ የተወሰነው የመጀመሪያውን ቤት ሥራ ለማስጀመር እንዲውል እንጠይቅ።

ይህን ስንጠይቅ ለማኝ ሆነን አይደለም። የሀገሪቱ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ በ2008 ሲሻሻል በጀት ሲዘጋጅ የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ ከግምት እንዲገባ ደንግጓል። ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር? በወረዳዎች የተመደበው በጀት በሰሌዳ ላይ ለሕዝብ እንዲለጠፍ አሠራር አለ፤ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያውም የየራሳቸውን እንዲለጥፉ ይጠበቃል። የእኛ ወረዳ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ሁለት አባሎቻችን ባለፈው ሳምንት በደብተር ገልብጠውት መጥተዋል፤ ከአዳራሹ በር አጠገብ ሰቅለነዋል። ስታነቡት ጠቅላላ ድምሩን ለመጨረሻ ተዉት። መጀመሪያ የጤናውን መስመር ፈልጉ፣ ከዚያ ምን ያህሉ ደመወዝ እንደሆነና ምን ያህሉ ሥራ ማስኬጃ እንደሆነ እዩ፣ ከዚያ ደግሞ ከአምናው ጋር አስተያዩት። የታቀደና የወጣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ስንት ሥራ ላይ እንደዋለም መጠየቅ አለበት። በፌዴራል ደረጃ የዋና ኦዲተር ሪፖርት በየዓመቱ ለምክር ቤት ሲቀርብ በሬዲዮ ይሰማል፤ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ከደንብ ውጭ የተገዛ ዕቃ የሚለውን ስትሰሙ ቻናሉን አትለውጡት። ፊደል ያልቆጠሩ አባሎቻችን በየቡድናቸው ጸሐፊ በኩል እንዲነበብላቸው እናደርጋለን፤ የጽሑፍ ችሎታ ማነስ የሒሳብ ችሎታ ማነስ እንዳልሆነ በየሳምንቱ ቁጠባ ላይ ስናይ ኖረናል።

ለወረዳው የሚላከው ደብዳቤ ረቂቅ ተዘጋጅቷል፣ አንድ ገጽ ነው። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ በያዝነው ዓመት የበጀት ዝውውር ሲደረግ ለመጀመሪያው ማቆያ አንዲት አዋላጅ በማታ ተራ እንድትመደብ፣ ለ2019 ዕቅድ ሁለቱ መደቦች እንዲጻፉ፣ እንዲሁም በጥር የዕቅድ ዝግጅቱ ሲጀመር ከማኅበራችን አምስት ሴቶች በውይይቱ ላይ እንዲቀመጡ። አምስቱን ዛሬ ትመርጣላችሁ። ከአምስቱ ሁለቱ ከሩቆቹ ቀበሌዎች ቢሆኑ፣ አንዷም በዚያ ቃሬዛ ላይ ተኝታ የመጣች ብትሆን ኮሚቴው ደስ ይለዋል። የትራንስፖርታቸውን ወጪ ከማኅበሩ ሥራ ማስኬጃ ለመሸፈን መስመሩን ጠዋት ባነበብነው በጀታችን ውስጥ አስገብተነዋል፤ ገጽ አራት ላይ ነው፣ ያልተመቸው ካለ ከድምፁ በፊት ይናገር።